የቆሸሸ የዲስክ ጎልፍ ቦርሳ እንዴት ይጸዳል? ማሽን ውስጥ ለመክተት ላሰቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ለሦስት ዓመት የተጠቀምኩበት፣ በጀርባ የሚታዘል የዲስክ ጎልፍ (ክብ የፕላስቲክ ዲስክ ወደ ቅርጫት የሚወረወርበት ጨዋታ) ቦርሳ አለኝ። መለያው ላይ 600 ዲኒየር ፖሊስተር ይላል፤ የአጠባቡን ምልክት የያዘው ጨርቅ ግን ተቆርጦ ጠፍቷል። ወለሉ ጭቃ ጠግቧል፣ ጎኑ ላይ የሣር እድፍ አለ፣ ማንገቻዎቹ ነጭ ጨው አውጥተው ይሸታሉ። አንዱ ኪስ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ አየሁ፤ ከትልቁ ክፍል ደግሞ እንደ ፎረፎር ያለ ነገር እየተራገፈ ዲስኮቹ ላይ ይጣበቃል። ጓደኛዬ በሙቅ ውሃና በትንሽ በረኪና ማሽን ውስጥ ክተተው ይለኛል። ላድርገው?»

ምላሽ፦

አያድርጉት። ማሽኑ፣ ሙቅ ውሃውና በረኪናው እያንዳንዳቸው ቦርሳውን በየራሳቸው መንገድ ይጎዱታል፤ ሦስቱ አብረው ሲመጡ አንድ እጥበት ይበቃዋል። ወደ አጠባቡ ከመግባታችን በፊት ግን ጥያቄዎ ውስጥ የተደባለቀ ነገር አለ። የዘረዘሯቸው ሁሉ ቆሻሻ አይደሉም። ጭቃው፣ የሣሩ እድፍና የላቡ ጨው ቆሻሻ ናቸው፤ ይለቃሉ። ጥቁሩ ነጠብጣብ በሕይወት ያለ ሻጋታ ነው፤ መጥፋት እንጂ መደብዘዝ አይበቃውም። እንደ ፎረፎር የሚራገፈው ደግሞ ከውጭ የመጣ ነገር ሳይሆን ከቦርሳው ከራሱ የሚላቀቅ ነው። እሱ ባጠቡት ቁጥር ይብስበታል፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ በእሱ ልክ መመጠን አለበት።

የዲስክ ጎልፍ ቦርሳ ሲያዩት ጨርቅ ይመስላል እንጂ የተገጣጠመ ዕቃ ነው። ውጪው ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የተሸመነ ነው። ዲኒየር የሚባለው ቁጥር የክሩን ውፍረት ይነግርዎታል፤ 9,000 ሜትር ክር 600 ግራም ከመዘነ 600 ዲኒየር ይባላል። ቁጥሩ ጨርቁ መፋቅን ምን ያህል እንደሚችል ይጠቁማል፣ ውሃ ስለ መከልከሉ ግን ምንም አይናገርም። ውሃውን የሚከለክለው በጨርቁ ጀርባ፣ ማለትም በቦርሳው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተቀባው ፖሊዩሪቴን የሚባል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። በማንገቻውና በጀርባ መደገፊያው ውስጥ ስፖንጅ አለ። ቦርሳው ሳይተጣጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ወለሉና ጎኖቹ ውስጥ ሰሌዳ ይገባል፤ ደህናው ላይ ፕላስቲክ፣ ርካሹ ላይ አንዳንዴ ካርቶን። ሽቦ ወይም የፋይበርግላስ ዘንግ ያለውም አለ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘው ስፌት ብቻ ሳይሆን ሙጫም ነው። አንድ ዲስክ 175 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 20 ዲስክ የተሸከመ ወለል ሦስት ኪሎ ተኩል ተሸከመ ማለት ነው። ሰሌዳው አንድ ጊዜ ከተጣመመ ወይም ስፖንጁ ከጨርቁ ከተላቀቀ ቦርሳው ንጹሕ ሆኖም አይቆምም።

ማሽኑ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከበሮው ሲዞር ሰሌዳው ይታጠፋል፣ ሽቦው ስፌቱን ይወጋል፣ የፕላስቲክ ዘለበቶቹ ከብረቱ ጋር እየተላተሙ ይሰነጠቃሉ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም አለ። ሽፋን ያለው ጨርቅ ውሃ አያሳልፍም፤ መጭመቂያው ሲጀምር ቦርሳው ውስጥ የታቆረው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላል፣ ማሽኑም መንቀጥቀጥና መዝለል ይጀምራል። የሚበላሸው ቦርሳው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሙቀቱ የሚያጠቃው ሽፋኑንና ሙጫውን ነው። ፖሊዩሪቴን ከውሃ ጋር ሲቆይ ኬሚካላዊ ትስስሩ ቀስ በቀስ ይበጠሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። መጀመሪያ ሲነኩት የሚያጣብቅ ይሆናል፣ ከዚያ ይላጣል። ለማጠቢያ የምንጠቀምበት ውሃ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም፤ እጅዎን ሲያስገቡ ሞቀም ቀዘቀዘም የማያሰኝ ማለት ነው። ልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ ፀጉር ማድረቂያና ካውያም በዚሁ ምክንያት አይታሰቡም። በረኪና ናይለንን በቀጥታ ያዳክማል፤ ክሩ ቀለሙ ሳይለወጥ እንኳ ጥንካሬውን ያጣል። የእርስዎ ቦርሳ ፖሊስተር ስለሆነ ክሩ ይቋቋመው ይሆናል፤ ሽፋኑና ቀለሙ ግን አይቋቋሙትም። ደግሞም የውጪው ጨርቅ ፖሊስተር ሆኖ ማሰሪያው፣ የዚፑ ጥርስ ወይም የመስፊያው ክር ናይለን መሆኑ የተለመደ ነው። ስለዚህ «ፖሊስተር ነው» የሚለው መለያ በረኪና ለመጠቀም ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደሚራገፈው ነገር እንመለስ። ትልቁን ክፍል ባዶ አድርገው ውስጡን በደረቅ አውራ ጣትዎ ለአምስት ሰከንድ ተጭነው ይልቀቁ። ጣትዎ ከተጣበቀ ወይም ሲነሣ የመላቀቅ ድምፅ ካሰማ ሽፋኑ መሞት ጀምሯል። ከዚያ በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ይፋቁት፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ከተነሣ ጨርሷል። ይህን የሚመልስ ሳሙና የለም። የሚያዋጣው ሊወድቅ የተዘጋጀውን ሁሉ አስቀድሞ ማውረድ ነው። ለስላሳ ብሩሽ በሳሙና ውሃ ትንሽ ነክረው፣ ብዙ እንዳይረጥብ በጨርቅ አሻሽተው፣ ውስጡን በክብ ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ ይቦርሹት። ጠንክሮ የያዘውን ይተዉት፤ የሚያጣብቅ ሆኖ የቀረውን በ70 በመቶ አልኮል በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል፣ ግን በጠረጉት ቦታ ቦርሳው ውሃ መከላከሉን እንደሚያቆም አውቀው ይሁን። ከዚያ በኋላ ለድንኳን ጨርቅ የሚሸጥ የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ቀጭን አድርጎ መቀባት ይቻላል። እኔ ግን ወለሉ ካልሆነ አልቀባም። ከውጪ የሚመጣው ጭቃና ጤዛ የሚነካው ወለሉን ነው፤ የጎኖቹ ድካም ከጥቅሙ ይበልጣል።

በዚህ ምክንያት የእርስዎን ቦርሳ መዘፍዘፍ አይቻልም። ሽፋኑ ጤናማ የሆነ፣ ሰሌዳው ፕላስቲክ መሆኑ የተረጋገጠ ቦርሳ ለ15 ደቂቃ ያህል ሳፋ ውስጥ ቢገባ ብዙ ጉዳት የለውም። የሰሌዳውን ዓይነት ለማወቅ ወለሉን በጣትዎ ያንኳኩት፤ ፕላስቲክ ጠራ ያለ ድምፅ አለው፣ ሲጫኑትም ተመልሶ ይነሣል፤ ካርቶን ድምፁ የታፈነ ነው፣ የተጫኑት ቦታ ላይም ስርጉዱ ይቀራል። ከወለሉ በታች ዚፕ ወይም ቬልክሮ ካለ ሰሌዳው ይወጣል፤ አውጥተው ለብቻው ይጥረጉት። መለየት ካቃተዎት ካርቶን ነው ብለው ይሥሩ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ለስላሳ የልብስ ብሩሽ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሦስት ወይም አራት ነጭ ጨርቅ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሽታና ቀለም የሌለው ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና። ጨርቁ ነጭ ይሁን ያልሁት የቦርሳው ቀለም እየለቀቀ መሆኑን ወዲያው ስለሚያሳይዎት ነው። የሳሙናው መጠን ለ5 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ነው። ብዙ ሳሙና የበለጠ ያጸዳል የሚለው ግምት ከበረኪናው ቀጥሎ ቦርሳ የሚያበላሸው ነው። ተጠርጎ ያልወጣ ሳሙና ጨርቁ ላይ ደርቆ አቧራ ይስባል፤ ውጪው ላይ ያለውን ውሃ የሚያንከባልል ቅብ ደግሞ ይሸፍነዋል፤ ሰውየው ቦርሳው ቶሎ ቆሸሸብኝ ብሎ በድጋሚ ያጥባል። የልብስ ማለስለሻም በዚሁ ምክንያት አይነካውም።

መጀመሪያ ባዶ ያድርጉት፤ እርሳስ፣ ምልክት ማድረጊያ፣ የተረሳ ብስኩት፣ ሁሉም ይውጣ። የተረሳ ቀለም እስክሪብቶ በውሃ ሲነካ የሚሠራውን ጉዳት የትኛውም ጭቃ አይሠራውም። ቀጥሎ የሻጋታውን ኪስ ብቻ ለይተው ዘግተው ያቆዩት፤ እሱን በደረቁ መቦረሽ ዘሩን ወደ ቀሪው ቦርሳና ወደ ሳንባዎ መበተን ነው። ሌላውን ግን ጭቃው እስኪደርቅ ይጠብቁት። እርጥብ ጭቃ ሲፋቅ ወደ ሽመናው ውስጥ ይገባል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰች ስለሆነች በክሮቹ መካከል ገብታ ትቀመጣለች፤ አንዴ ከገባች ሳሙና አያወጣትም። ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን አብዛኛው በቅርፊት ይረግፋል። አንድ ቀን ተኩል ቢወስድም ይጠብቁ።

ከደረቀ በኋላ ዚፖቹን ሁሉ ከፍተው ቦርሳውን ይገልብጡትና ወለሉን በመዳፍዎ ይምቱት። ከዚያ ጠቃሚው ቦታ ላይ ያተኩሩ። ወለሉ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ስፌት በቀጭን ጥብጣብ የተሸፈነ ነው፤ በጥብጣቡና በወለሉ መካከል እንደ ጣት ጥፍር ያለች ቦይ ትፈጠራለች። ከእያንዳንዱ ዲስክ ጠርዝ የሚወርደው አሸዋ፣ ሣርና ውሃ መጨረሻው እዚያ ነው፤ ተቦክቶ ይደርቅና እንደ ስሚንቶ ይይዛል። ያ አሸዋ ዲስኮቹ በተንቀጠቀጡ ቁጥር የመስፊያውን ክር እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። የብዙ ቦርሳ ወለል ቀድሞ የሚቀደደው ከዚህ ጥግ ነው። በጥርስ ብሩሹ ቦይዋን ተከትለው ይሂዱ፤ ካልወጣ ጫፉ የተድቦለቦለ እንጨት ይጠቀሙ፣ ቢላና ጠመንጃ መፍቻ ግን አይሆንም። የፈታውን ቫኪዩም ክሊነር ካለዎት በጠባቡ አፍ ይምጠጡት። ወለሉ ላይ ውሃ ማውጫ ቀዳዳ ካለ መደፈኑን ይመልከቱ፤ ከተደፈነ ቦርሳው ኩሬ ይሆናል።

ይህ ደረቁ ሥራ በደንብ ከተሠራ የውሃው ሥራ ቀላል ነው። ከውስጥ ወደ ውጪ፣ ከላይ ወደ ታች ይሥሩ። ጨርቁን በሳሙናው ውሃ ነክረው እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቀው አንድ አንድ ገጽ ይጥረጉ፣ ሌላውን ባልዲ ለንጹሕ ውሃ ይተዉት፤ በእሱ ነክረው በተጨመቀ ጨርቅ እዚያው ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ይመለሱበት። ሳሙናው መውጣቱን የሚያውቁት የመጨረሻውን ጨርቅ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምቀው ሲያናውጡት ነው፤ አረፋ ከታየ ገና ነው። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚረጭ ማጠቢያ ይቅርብዎ፤ ውሃውን በስፌቱ ቀዳዳ ወደ ስፖንጁ ይከተዋል፣ የላላውንም ሽፋን ይገፈዋል።

የሣሩ እድፍ ቅጠሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም ከተክሉ ፕሮቲን ጋር ክሩ ላይ ተለጥፎ ነው። ለዚህ የሚሆነው ፕሮቲን የሚበትን ኢንዛይም ያለው የልብስ ፈሳሽ ሳሙና ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በእኩል ውሃ አቅጥነው እድፉ ላይ ብቻ ይቀቡ፣ 20 ደቂቃ ያቆዩ፣ ሳይደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ነካ ነካ ያድርጉ፣ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። ኢንዛይም ጊዜ እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ቀሪ ጥላ ካለ በ70 በመቶ አልኮል የረጠበ ነጭ ጨርቅ እየጫኑ ያንሡት። አስቀድመው በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከማንገቻው ሥር፣ ይሞክሩት። አልኮል በታተመ ጽሑፍና በዓርማ ላይ አይውጣ፤ ይፍቀዋልና። አሴቶን፣ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ጨርሶ አይነሡም፤ ሽፋኑን ያሟሙታል፣ አንዳንዱን ፕላስቲክም እንዲሁ።

ቀይ አፈር የተወው ቡናማ ጥላ ሌላ ነገር ነው። ቀለሙ የብረት ዝገት ዓይነት ማዕድን ስለሆነ ኢንዛይምም አልኮልም አያውቀውም። የሚያነሡት ጠንካራ አሲዶች ቦርሳውንም ያነሡታል፤ ይተዉት። ብርቱካንማ እድፍ ማንገቻው ወይም የላይኛው እጀታ ላይ ካዩ ደግሞ አፈር ነው ብለው አይቸኩሉ። ብዙ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ያለው አቮቤንዞን ውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ ዝገት የመሰለ ቀለም ይሰጣል፤ በረኪና ሲነካው ይጠፋል ሲሉ ይደምቃል። እሱን በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅባቱን ማውጣት ይበጃል፤ ብረቱ ሳይሆን ቅባቱ ነው የሚይዘው። የዛፍ ሙጫ በበረዶ ይጠንክር፣ በማንኪያ ጀርባ ይሰበር፣ ቀሪው በአልኮል ይጠረግ።

ማንገቻዎቹ ለብቻቸው ይታያሉ፤ ከቦርሳው ሁሉ እስከ ውስጥ ድረስ ውሃ እንዲገባባቸው የምፈቅደው እነሱን ነው። ነጩ ጨው ላቡ ሲተን የቀረ ነው፤ ሽታው ግን ከጨው ሳይሆን ስፖንጁ ውስጥ ላብና የቆዳ ቅባት ከሚበሉ ባክቴሪያዎች ነው። ላይ ላዩን ቢያሹት ጨው ይለቅና ሽታው በሁለት ቀን ይመለሳል። ሽቶ መርጨትም ሽታውን ማልበስ ነው። ቦርሳውን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጋድመው ማንገቻዎቹ ብቻ ሳፋ ውስጥ እንዲወርዱ ያድርጉ። በ2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኢንዛይም ያለው ሳሙና ጨምረው ለ30 ደቂቃ ያቆዩ። ስፖንጁን በመዳፍዎ ይጫኑትና ይልቀቁት፤ ሲጫኑት ቆሻሻው ይወጣል፣ ሲለቁት ንጹሕ ውሃ ይስባል። መጠምዘዝ ግን ስፖንጁን ከጨርቁ ያላቅቀዋል፤ አይጠምዝዙ። ውሃውን እየቀየሩ እስኪጠራ ይደጋግሙ፤ በሦስት ዓመት ማንገቻ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ መቀየሩ አያስደንቅም። የመጀመሪያው ውሃ የሻይ ቀለም ይዞ ይወጣል። በመጨረሻ ማንገቻውን በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት። ቤኪንግ ሶዳ የሚመክርዎት ሰው አይጠፋም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በደረቅ ኪስ ውስጥ ነስንሶ ማሳደርና መምጠጥ ለኪስ ሽታ ይረዳል፤ ስፖንጅ ውስጥ ግን አይደርስም፤ በውሃ በጥብጠው ካፈሰሱት ደግሞ እሱ ራሱ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ሻጋታውን ከቤት ውጪ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ። ኪሱን ከመክፈትዎ በፊት ነጭ ኮምጣጤ በእኩል ውሃ ቀጥኖ በመርጫ ጠርሙስ ይዘጋጅ። ከፍተው ወዲያው ያርጥቡት፣ 30 ደቂቃ ያቆዩት፣ በሚጣል ጨርቅ ይጥረጉት፣ ደግመው ያርጥቡት፣ ይጥረጉት፣ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት። ኮምጣጤ በብረት ዚፕ ላይ ከቆየ ስለሚያዝግ ዚፑን ሁለት ጊዜ ይጥረጉት። ኮምጣጤና በረኪና ፈጽሞ አይገናኙ፤ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው። ከጓደኛዎ ምክር በረኪናውን ብቻ «ለሻጋታው» ብለው ለማስቀረት ቢያስቡ ይህን ያስታውሱ። ኮምጣጤንና ሶዳን አንድ ላይ ማድረግ ደግሞ አይገድልም፣ አይጠቅምምም፤ አንዱ ሌላውን ያከሽፋል። ሻጋታው ከሞተ በኋላ ጥቁሩ ጥላ ሊቀር ይችላል፤ ሽታው ከሌለና በሳምንት ውስጥ ካልሰፋ ቀለም ብቻ ነው። ኪሱ ጀርባ ያለው ስፖንጅ ወይም ካርቶን ውስጥ ከገባ ግን ከውጪ የሚደረግ ነገር የለም፤ ቁራጩ ይወጣል ወይም ቦርሳው ይቀየራል። መለያው ቀላል ነው፤ ከሁለት ዙር ኮምጣጤ በኋላ ቦርሳው ደርቆ፣ ተዘግቶ አድሮ ሲከፈት የጓዳ ሽታ ካወጣ ውስጥ ገብቷል።

ማድረቁ ከማጠቡ እኩል ሥራ ነው፤ እንዲያውም አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። እርጥብ የሆነ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል፤ ያጸዱትን መልሰው ዘሩበት ማለት ነው። ዚፖቹን ሁሉ ከፍተው፣ ቦርሳውን አፉን ወደ ታች አድርገው ወንበር መደገፊያ ላይ ያስቀምጡት፤ ማንገቻዎቹ ነጻ ሆነው ይንጠልጠሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀና ያድርጉት፣ ቅርጹን እንዲይዝ ውስጡ ደረቅ ፎጣ ይጨምሩ፣ ፎጣው ሲረጥብ ይቀይሩ። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ያልፋል። ቦታው ጥላና ነፋሻ ይሁን፤ ማራገቢያ ካለ ፊቱን ወደ ቦርሳው አፍ ያዙሩት። ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣል፣ ክሩንም በጊዜ ያደክማል። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ እርጥበቱም መሄጃ የለውም፤ ሽፋን የሚገድሉት ሁለቱም ነገሮች አንድ ቦታ ተገኙ ማለት ነው። ፖሊስተር በተፈጥሮው የሚይዘው እርጥበት ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ናይለን ወደ 4 በመቶ ይይዛል፤ ስለዚህ የእርስዎ ቦርሳ ውጪው ቶሎ ይደርቃል። ይህ እንዳያታልልዎ። ጨርቁ በአንድ ቀን ሲደርቅ ማንገቻው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈልጋል። ነጭ ሶፍት በማንገቻው ወፍራም ቦታ ላይ አድርገው በሙሉ ኃይልዎ ይጫኑት፤ ሶፍቱ ከረጠበ ወይም ከቀዘቀዘ አንድ ቀን ይጨምሩ።

ዚፑን የሚያጸዱት ሲደርቅ ነው። መጀመሪያ ዘግተው፣ ቀጥሎ ከፍተው ጥርሶቹን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይቦርሹ፤ አሸዋ የያዘ ዚፕ ተንሸራታቹን ከውስጥ እየሞረደ ያሰፋዋል፣ ከዚያ ጥርሱ ተዘግቶም ከኋላው ይከፈታል። የሚያንቀው ከሆነ ተራ ሻማ ጥርሶቹ ላይ አሽተው አሥር ጊዜ ይክፈቱ ይዝጉ። ዘይት አይቀቡ፤ ለሁለት ቀን ያለሰልስና ለሁለት ወር አቧራ ይሰበስባል። ዘለበቶቹን ቧንቧ ሥር ማጠብ ይበቃል።

በመጨረሻ ውጪው ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ይጣሉ። እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ከተንከባለለ ቅቡ አለ፤ ጨርቁ ጠጥቶ ከጠቆረ አልቋል። ውሃ የሚያንከባልል መርጫ ከቤት ውጪ በንጹሑ ቦርሳ ውጪ ላይ ብቻ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ርቀት ይርጩ። በቆሸሸ ወይም ሳሙና በቀረበት ጨርቅ ላይ አይይዝም፤ የሚላጠውን የውስጥ ሽፋንም አይተካም።

የአጠባብ ምልክት ያልጠፋባቸው ሌሎች አንባቢዎች ካሉ፣ ምልክቱ ከእኔ ይቀድማል። ማሽን የሚፈቅድ ከሆነ ግን ያለ ስፖንጅና ያለ ሰሌዳ ለተሠራች፣ አምስት ስድስት ዲስክ ለምትይዝ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው የምስማማው፤ እሷም ትራስ ጨርቅ ውስጥ ታስራ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ መጭመቂያ። በሰም የተቀባ ሸራ ቦርሳ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ደረቁን ብሩሽና ቀዝቃዛ ውሃውን ብቻ ነው፤ ሳሙና ሰሙን ያወጣዋል።

እንዲህ ያለው ሙሉ እጥበት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይበቃል። የእርስዎን ቦርሳ በተመለከተ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ያጽዱት፣ የሚራገፈውን አውርዱት፣ ወለሉን ይቀቡት፣ ከዚያ ወዲያ ውስጡን በረጠበ ጨርቅ ከመጥረግ ያለፈ ውሃ አያሳዩት። ዲስኮቹንም በሳሙና አጥበው በደንብ ካለቀለቋቸውና ካደረቋቸው በኋላ ይመልሱ፤ ጭቃውን ወደ ወለሉ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ሜዳ ላይ ደግሞ ዲስኩን ወደ ቦርሳ ከመመለስዎ በፊት የሚያደርቁበት ፎጣ በዘለበቱ ከውጪ ይንጠልጠል። ያ ኪስ ውስጥ ያዩት ጥቁር ነጠብጣብ፣ እርጥብ ፎጣ ታጥፎ የሚቀመጥበት ኪስ ካልሆነ ይገርመኛል።